የኮመጠጠ ወተት ሽታ

ኪትዌ፣ ኅዳር 11

ውድ አክስቴ ቺሳላ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለተኛውም ደርሶኛል። ዝም ማለቴ ከንቀት አይደለም፤ ይቅር ይበሉኝ። ብዕር አነሳና «ደህና ነኝ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አልወጣ ይለኛል። «ደህና ነኝ» ብቻ የተጻፈባቸው ወረቀቶች መሳቢያው ውስጥ ተቀምጠዋል።

ጉልበትዎ እንዴት ነው? እዚያ ማንሳ ዝናቡ ገባ? እዚህ ገብቷል። ጭቃው ከማዕድኑ አቧራ ጋር ተለውሶ ደጃፉን ሁሉ የዛገ ቆርቆሮ አስመስሎታል።

የጠየቁኝ ነገር እውነት ነው። ማን እንደነገረዎት አልጠይቅም፤ ከካቴቤ እናት በቀር ማን ይነግርዎታል? አዎ፣ ከባሌ ከካቴቤ ጋር ከአንድ ሳህን መብላት አቅቶኛል። የበቆሎ ዱቄቱን ንሺማ አገነፋለሁ፣ ወጡን አወጣለሁ፣ እጁን አስታጥበዋለሁ፤ ከዚያ «ወጥ ቤት ሥራ አለኝ» ብዬ እነሳለሁ። ሥራ የለኝም። ቆሜ ግድግዳ አያለሁ። በግድግዳው በኩል ሲያላምጥ ይሰማኛል። ንሺማውን በጣቶቹ ሲያድቦለቡል፣ ወጡን ሲጠቅስበት፣ አውራ ጣቱን ሲልስ... አክስቴ፣ ያው የድሮው ጣት ነው። የሠርጋችን ቀን በሰው ፊት ያጎረሰኝ ጣት።

አልጋውም እንደዚያው ነው። ከዚህ በላይ አያስጽፉኝ።

አልመታኝም። አልሰደበኝም። ካለፈው የገና በዓል ወዲህ የወሩን እኩሌታ ቺንጎላ ነው የሚያሠሩት፤ ከመሬት በታች የመብራት ገመድ ይዘረጋሉ። ሲመለስ ስኳርና ሳሙና ይዞልኝ ይመጣል። ጎረቤቴ የካሶንጎ ሚስት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ጎደለሽ? የኔው ይዞ የሚመጣው የሰካራም ጓደኛ ነው» ትለኛለች። እስቃለሁ። ምን እንደጎደለኝ አላውቅም። የማውቀው በሩን ከፍቶ ሲገባ እንደሚያስመልሰኝ ነው።

አጎቶቹ ዝናቡ ሲያባራ እንመጣለን ብለዋል። ምን ሊሉ እንደሚመጡ አይጠፋዎትም፤ ልጅ አልወለደችም ይላሉ (ሁለቱን አይቆጥሯቸውም፣ ሳያለቅሱ ስለተወለዱ)፣ አሁን ደግሞ ባሏን ተጸየፈች፣ ወደ መጣችበት ትመለስ። እስከዚያ መዳን አለብኝ።

ካቴቤ «እንታከም» አለ። እሱ ራሱ ነው ያለው። ባልና ሚስት የምታማክር የተማረች ሴት አለች፣ ወይዘሮ ጄሬ ትባላለች፣ ቢሮዋ ከእንጨት መሸጫው በላይ ነው። «እንታከም» ሲል አንቺን ላሳክምሽ ማለቱ ነው፤ ቢሆንም እሺ አልኩ። ሐሙስ እንጀምራለን።

የእህቴን የምዌንያን ነገር አልነገሩኝም። አራስ ቤት እያለች የላክሁላት ብርድ ልብስ ደረሳት? እርስዎ እጅ ያደገች ልጅ ናትና ከእርስዎ የሚሰወር ነገር የላትም፤ ባሏ ሹፌሩ ይመጣላታል ወይ? ክሩ ለሁለተኛው ልጄ ገዝቼው የነበረው አረንጓዴ ነው። ይህን ለሷ አይንገሯት፣ ገዷ እንዳይከፋ። የቀረው ክር ለቆብ ይበቃል፤ ጀምሬዋለሁ።

ልጅዎ ንካንዱ


ማንሳ፣ ኅዳር 26

ልጄ ንካንዱ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ያቺ ጠማማዋ ትንሿ ጣቴም ዝናብ ሲገባ ትቆረጥመኛለች፤ የሠርግ ማሰሮሽን አንገት ያተምኩባት ጣት። ሸክላ የሚሠራ ሰው ጣቱ ከጭቃው ጋር አብሮ ይበርደዋል።

ጄሬ አልሽ? ጄሬ! ንጎኒ አይደለችም እንዴ! ልጄ፣ ቤምባ ሁሉ ሞቶ አልቆ ነው ትዳራችንን አይጥ በላ የምትጠግንልን? ቢሮዋ ስትገቢ መሳቢያዋን እይ፣ በእንጨት የተሰካ ጥብስ አይጥ ታገኚያለሽ። እኔ እሷን ባገኛት ፊት ለፊት እላታለሁ፤ እነሱም ለእኛ «ጦጣ በላ» ማለት አይከብዳቸውም። የሁለቱ ነገድ የቆየ ቀልድ ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ።

ለመሆኑ ምን ታደርግሻለች? እኔ ለትዳር ሳስተምርሽ ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ፣ ከበሮ መትቼ፣ ዘፍኜ፣ ተንከባልዬ ነው ያሳየሁሽ። አልሸፈንኩልሽም። ባል ሲከፋው ምን እንደሚደረግ፣ ሲያምረው ምን እንደሚደረግ፣ ሁሉንም ነግሬሻለሁ። እሷ ምን የቀረ ነገር አገኘች?

አሁን የምጠይቅሽን በቀጥታ መልሺልኝ። ማሰሮዋስ? አብራችሁ ካደራችሁ በኋላ ውሃ አሙቀሽባት እጁ ላይ ታፈሺለታለሽ? እሱስ ባንቺ እጅ ላይ ያፈሳል? ወይስ ትተሽዋል? ያቺ ማሰሮ የወጥ ዕቃ አይደለችም። እኔ የሰጠሁሽ፣ አንቺ፣ እሱ፤ ከዚህ ሌላ ዓይን አያያትም። ከቤትሽ የምትወጣውም ትዳሩ ሲያልቅ ብቻ ነው፤ ያኔ ወደ ሰጠሁበት እጄ ትመለሳለች፤ እሱም አንቺም ተፈታችሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር አያሳየኝ።

መጸየፍ የልጅ ነገር ነው። እኔ የአጎትሽን የቆሰለ እግር አጥቤ በዚያው እጄ በልቻለሁ። ቻይው።

ምዌንያ ደህና ናት። ብርድ ልብሱ ደርሷታል። ወንድ ልጅ ነው፣ ወፍራም። አባቱ ሹፌር አይደለ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ናቸው። ስለ እሷ አትጨነቂ፤ ያንቺን ያዢ።

አክስትሽ ቺሳላ


ኪትዌ፣ ታኅሣሥ 17

ውድ አክስቴ፣

ምን ታደርግሻለች ላሉኝ፦ ምንም አታደርግም። ይሄ ነው መጀመሪያ ያስደነገጠኝ።

ሦስት ወንበር አለ፤ ሁሉም ቁመታቸው እኩል ነው። ምንጣፍ የለም፣ ከበሮ የለም። ከታች የመጋዙ ድምፅ ይመጣል፣ የእንጨት ብናኝ ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ለእንባ የሚሆን ወረቀት በሳጥን ተቀምጧል፤ ማንም ቀድሞ መንካት አይፈልግም። በመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ ጄሬ ደንቧን ነገረችን። እዚህ የተባለ ከዚህ አይወጣም። እኔ አልፈርድም። ኑሩ ወይም ተለያዩ አልልም። ከመሻሉ በፊት ይብስባችኋል። ይህን ስትል ካቴቤ ራሱን ነቀነቀ፤ ከሷ ጋር ሆኖ እኔን የሚያሳክም ይመስል።

ከዚያ ትጠይቃለች። ከጠየቀች በኋላ ዝም ትላለች። ዝምታዋን አይችሉትም፣ አክስቴ። እርስዎ ቢሆኑ በመሐል ሦስት ተረት ይነግሩኝ ነበር። እሷ ትጠብቃለች። አንደኛው ይናገራል፣ ሌላው የሰማውን መልሶ ይናገራል። ካቴቤ በዚህ ጎበዝ ነው። «ንካንዱ ስበላ ማየት እንደሚከብዳት ተናግራለች» ይላል፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አስተማሪ ፊት እንደቆመ ልጅ። ቃል አያስቀርም። እኔ ያልኩት ነገር ከሱ አፍ ሲወጣ ታጥቦ የተተኮሰ ይመስላል። ያን ጊዜ ደግሞ አፉን እጸየፈዋለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ባለፈው ሐሙስ ግን አንድ ነገር ሆነ።

«ከቺንጎላ ሲመለስ በሩ ላይ ምን ይሰማሻል?» አለችኝ።

«ይሸተኛል።»

«ምን ይሸትሻል?»

ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። «ወተት» አልኩ። «የኮመጠጠ ወተት። ሕፃን ጠብቶ ትከሻ ላይ ሲያገሳ የሚቀረው። አንገቱ ላይ፣ ሸሚዙ ላይ። አጥበዋለሁ፣ ተመልሶ ይመጣል።»

ካቴቤ ጫማውን ተመለከተ። ከታች መጋዙ ቆመ። ወይዘሮ ጄሬ በጣም ቀስ ብላ፣ «ንካንዱ፣ ጡትሽ ሞልቶ የሚጠባ ሕፃን ያልነበረበት ጊዜ አለ?» አለችኝ።

«አለ። ሁለቴ።»

«ሐዘን አንዳንዴ በአፍንጫ ይመጣል» አለች። «የሌለ ነገር ይሸታል። እብድ አይደለሽም። ያላለቀሽው ለቅሶ ነው።»

ካቴቤ አለቀሰ። ሳጥኑን ቀድሞ የነካው እሱ ነው። እያለቀሰ ራሱን ነቀነቀ፣ «አዎ፣ አዎ፣ ልጆቻችን ናቸው» እያለ። እጄን ያዘኝ። አልነጠቅሁትም። ቤት ስንመለስ ከሳህኑ አንድ ጉርሻ በላሁ፤ አንድ ብቻ፣ ግን ሆዴ ውስጥ ቆየ። አክስቴ፣ እብድ አይደለሽም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው አይጥ በላዋ ናት። ይታይዎት።

ስለ ማሰሮዋ አልዋሽዎትም። ከሁለተኛው ልጅ ወዲህ አላወጣኋትም። ዱቄት ማስቀመጫው ሥር በጨርቅ ጠቅልዬ ቀብሬያታለሁ። ካቴቤ የት እንዳለች አያውቅም፤ ጠይቆኝም አያውቅም።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሥራ ሰጥታናለች። እያንዳንዳችን፣ ሳንነጋገር፣ የትዳራችንን ደግ ዘመን የሚያስታውስ አንድ ዕቃ ይዘን እንድንመጣ። እኔ የሠርጌን የንሺማ ማማሰያ እወስዳለሁ። እሱ ምን እንደሚያመጣ ማየት ፈልጌያለሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ከሱ የምጠብቀው ነገር አለኝ።

ልጅዎ ንካንዱ


ማንሳ፣ ታኅሣሥ 29

ልጄ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት።

ንጎኒዋ ልክ ናት። ስለ አይጥ ያልኩትን ተይው። ሐዘን ነው። ሌላ ምንም አይደለም። አልቅሺና ይውጣልሽ፤ ከዚያ ወዲያ የሸተተሽን ነገር ለጎረቤት አታውሪ፣ ለካቴቤም ደጋግመሽ አትንገሪው። ወንድ ነው፣ ይደክመዋል። በቺንጎላ ስለሚሠራውም አትመርምሪው። ከመሬት በታች ያለ ነገር ለሴት አይነገርም።

የቤት ዕቃ ወደ ሰው ቢሮ መውሰድ ጥሩ አይደለም። ማማሰያው ይሁን፣ ግን ከዚያ አይለፍ።

ዛሬ ብዙ አልጽፍም። ጣቴ ያመኛል። ዝናቡ ሲያባራ ራሴ እመጣለሁ፤ ያኔ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፣ የምነግርሽም አለኝ። እስከዚያ ብዪ።

አክስትሽ


ኪትዌ፣ ጥር 14

አክስቴ ቺሳላ፣

እንኳን አደረሰዎት። የበዓሉን ሰላምታ አዘገየሁት።

የሆነውን ልጻፍልዎት። ያየሁትን ብቻ።

ወንበሮቹ ላይ ተቀመጥን። እኔ ማማሰያውን አወጣሁ። ስለ ሠርጉ ተናገርኩ፤ እርስዎ ከበሮው ላይ ተቀምጠው እንደሰበሩት ስነግራት ወይዘሮ ጄሬ ሳቀች። ካቴቤም ሳቀ። ጥሩ ነበር። ሳስበው አሁንም ያቅለሸልሸኛል፣ ጥሩ እንደነበር።

«ካቴቤ፣ አንተስ?»

ቦርሳውን ከፈተ። ከቺንጎላ የገባው በዋዜማው ማታ ነው፣ ቦርሳው እንዳለ ነበር። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቱ ሳጥንና ከውሃው ብርጭቆ መሐል አኖረው። ፊቱ ያበራ ነበር። «ይሄ ለውጭ ሰው አይታይም» አለ። «ግን ለመዳናችን ስል ነው። ንካንዱ ምን ያህል እንደምወዳት እንድታውቅ።» ከዚያ ጨርቁን ገለጠው።

ማሰሮ ነበረች።

ወይዘሮ ጄሬ አነሳቻት። ንጎኒ ናት፣ አታውቅም። አገላበጠቻት፣ ውስጧን አየች፣ በጥፍሯ መታ መታ አደረገቻት። «ታምራለች» አለች። እኔ ዓይኔን መጨፈን ነበረብኝ፤ የማይታይ ነገር እያየሁ ነበር። ግን የኔ ማሰሮ አልነበረችም። የኔ ሥሯ ከሰል መስሏል፣ ከንፈሯ ላይ ትንሽ ተሸርፏል። የኔ በዚያች ሰዓት ቤት፣ ዱቄቱ ሥር ናት። ይህቺ አዲስ ናት። እሳት ያየችው በቅርብ ነው። አንገቷ ላይ ዙሪያውን የጣት ማኅተም አለባት፣ ወደ ግራ የተጣመመች የትንሽ ጣት ማኅተም።

ለወንድ ማሰሮ ማሰሮ ነው። እጁን ዘርግቶ ውሃው እስኪፈስለት ይጠብቃል እንጂ ሸክላዋን መች ያያል? የኔን ማሰሮ ቤት ፈልጎ አጣት፤ ሌላ ካለችበት ቤት ጠይቆ አመጣ። ምን አስቦ ነው እያልኩ ስንት ቀን አሰብኩ። ምንም አላሰበም።

ይህን ሁሉ ገና እየቆጠርኩ ሳለ ጨርቁን አየሁት።

አረንጓዴ። ክሩ ለቆብም እንዲተርፍ ጠርዙን በነጭ የጨረስኩት። እሱ በሌለባቸው ሳምንታት ነው የሠራሁት፣ ማን እንደሠራው አያውቅም። ሽታው ከጨርቁ ተነሥቶ ጠረጴዛውን አቋርጦ መጣ። የኮመጠጠ ወተት። ክፍሉን ሞላው።

«ንካንዱ፣ ይህን ስታዪ ምን ይሰማሻል?» አለች ወይዘሮ ጄሬ።

«እጸየፋለሁ» አልኩ።

«ምኑን?»

ካቴቤን አየሁት። ፊቴን አይቶ ብርድ ልብሱን አየ፤ ያን ጊዜ ገባው። እኔ የተናገርኩትን መልሶ እንዲናገር እየጠበቀችው ነበር፣ እንደ ደንቡ። አፉ ተከፈተ፤ የታጠበ የተተኮሰ ቃል ጠፋ። እኔ ማማሰያዬን ይዤ ወረድኩ። ደረጃው ሥር፣ የእንጨት ብናኙ ላይ አስመለሰኝ። ሠራተኞቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ ልንል ነው መሰለኝ!» ብለው ሳቁ። እርጉዝ መስያቸው ነው።

ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ሌላዪቱ ቤት አይደለችም። እዚያ ወንበር ላይ፣ ሴትዮዋ «የሌለ ሽታ ነው፣ ሐዘን ነው» ስትለኝ፣ እሱ ሽታው ከየት እንደመጣ እያወቀ አለቀሰ። የሞቱ ልጆቼን አንሥቶ አንገቱን ጠረገባቸው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እንደ ወይዘሮ ጄሬ ጠይቄ ዝም እላለሁ። ከኔ ማሰሮ ወዲህ፣ በዚያች ጣትዎ፣ ለማን ሠሩ?

ንካንዱ


ማንሳ፣ የካቲት 2

ልጄ ንካንዱ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ወንዙ ሞልቶ ሸክላ አፈር ከሚወጣበት አልደረስንም። ከዚህ ወዲያም የምደርስ አይመስለኝም፣ ጉልበቴ አለቀ። ማሰሮ መሥራት ትቻለሁ። ዘንድሮ ምንም አልሠራሁም።

አምና ሠርቻለሁ።

አሁን ተቀምጠሽ እንደምታነቢ አውቃለሁ፤ ፊትሽን እዚህ ሆኜ አየዋለሁ፣ ትንሽ ልጅ እያለሽ የተጠበሰ አባ ጨጓሬ አልበላም ስትዪ እንደነበረው። ስሚኝ። ካቴቤ እዚህ መጥቶ አለቀሰ። ቤተሰቡ ሌላ አግባ እያሉት ነበር፤ ከማይታወቅ ዘር፣ ከቢራ ቤት። እኔ ምን ላድርግ? በኛ ዘንድ ቤት ሲጎድል ከቤቱ ይሞላል። እህት የእህቷን ምንጣፍ ትረከባለች። አያትሽ እንዲህ ሆነው ነው አባትሽን ያሳደጉት። ወንድ መውጣቱ ካልቀረ ወደ ጭቃ ከሚወጣ ወደ ንጹሕ ቤት ይውጣ ብዬ ምዌንያን ሰጠሁት፤ ሹፌር ያልኩሽ እሱ ነው። አስተምሬያት፣ ማሰሮ ሠርቼላት። በሥርዓቱ ነው። ሌባ አይደለሁም።

አጎቶቹም የሚመጡት ሊመልሱሽ አይደለም፣ ሞኝ። ምዌንያን ከነልጇ ቺንጎላ ካለው ክፍል አውጥተው ወደ ግቢሽ ሊያመጡልሽ ነው። አንቺ ታላቂቱ ትሆኛለሽ። ልጁ «እናቴ» ይልሻል። እኔ አብሬ መጥቼ፣ ቁጭ አድርጌ ልነግርሽ ነበር። የምነግርሽ አለኝ አላልኩሽም? ያ አህያ ባልሽ ቀደመኝ።

ማሰሮ ለንጎኒ አሳየ! ይህን ስሰማ እህል አልወረደልኝም። እኔም የምጸየፈው አለኝ። በእሱ ቂመሽ ከሆነ በዚህ ቂሚበት፣ ቅጣትም ይከፍላል፣ እኔ አስከፍለዋለሁ። ለቀረው ግን ይህን ሁሉ ለባዕድ ሴት ከመናገርሽ በፊት ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ብዪ። እጅሽን ታጠቢና ብዪ።

አክስትሽ ቺሳላ


ኪትዌ፣ የካቲት 20

አክስቴ ቺሳላ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጣትዎን ቅቤ ቢያሹት ይሻላል፣ ዝናቡ ገና ነው።

ነግሬዎት ነበር። በኅዳር ነገርኩዎት። «መጸየፍ የልጅ ነገር ነው» አሉኝ። በታኅሣሥ ደግሞ ነገርኩዎት፣ ከነሽታው። «ንጎኒዋ ልክ ናት» አሉኝ። እሷ ሳታውቅ ነው የተሳሳተችው። እርስዎ እያወቁ ነው ልክ ናት ያሉት።

ካቴቤ ያለኝን አልጽፍም። ሰማሁት፤ መልሼ አልነገርኩትም።

ወደ ወይዘሮ ጄሬ ብቻዬን ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አፍንጫሽን እንዳታምኚ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ» አለች። «አዎ» አልኳት። «በዚህ ክፍል የተባለውን ሳምን የቀረውን ሳልጠይቅ ቀረሁ» አለች። ይቅርታ አልጠየቀችኝም እንዳልል ጠየቀችኝ። እርስዎ አይጥ በላ እንዳሏት ነገርኳት። እንባዋን እየጠረገች፣ «ጦጣ በላዎች! ጦጣው ሲያልቅባችሁ ዘመዳችሁን ትበላላችሁ!» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ፣ «ልትድኚ ነበር የመጣሽው፣ ምን ማለትሽ ነበር?» ስትለኝ፣ ከባሌ ጋር መብላት ነው ልላት ፈልጌ አልወጣ አለኝ። ለካ ምንም አላመመኝም ነበር። እንዲታከም ይዤው የሄድኩት ነገር በዚያ ቤት ውስጥ ጤነኛው ነገር ነበር።

ኑሪ አላለችኝም፣ ሂጂ አላለችኝም። ደንቧ ነው። ቀድሞ ያናድደኝ ነበር።

ሌላ ነገር። ስለ ብርድ ልብሱ ብዙ አሰብኩ። ካቴቤ ማሰሮዋን ለምኗት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን ዕቃ አይጠቀልልም፣ ምሳውን እንኳ የምጠቀልልለት እኔ ነኝ። የጠቀለለችው ምዌንያ ናት። ክፍሉ ውስጥ ጋዜጣ አይጠፋም፣ አሮጌ ሸሚዝ አይጠፋም። እሷ ግን ብርድ ልብሱን መረጠች፣ ያልታጠበውን፤ የማን እጅ እንደሠራው ታውቃለች። ወዴት እንደሚሄድም ሳይነግራት አልቀረም፣ መናገር ይወዳል። ሁላችሁም ስትደብቁኝ እሷ ነገረችኝ። ምንጣፍ ትረከባለች አሉኝ፤ መረከብ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቀዋት ነበር?

እሷን እጸየፋለሁ ብዬ ነበር። ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

ስለዚህ ይህን የሚያደርስልዎት የአውቶቡሱ ሹፌር አንድ ዕቃም ይሰጥዎታል። ካርቶኑን ቀስ ብለው ይክፈቱት። ማሰሮዬ ናት። ዱቄቱን አራግፌ፣ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄያታለሁ። ከንፈሯ ላይ ያለው ሽርፍ የቆየ ነው፤ አዲስ የተሰበረ የላትም። ከሰጡበት እጅዎ ገብታለች። አጎቶቹ ሲመጡ ይህንን ይንገሯቸው፣ መንገዱን በከንቱ እንዳይደክሙ። ቤቱ የማዕድኑ ነውና ለካቴቤ ትቼዋለሁ፤ ለኔ የካሶንጎ ሚስት የኋላ ክፍሏን ሰጥታኛለች። ትናንት ንሺማ አገንፍተን ደረቅ ዓሣ በቲማቲም ሠራን። ከአንድ ሳህን በላን። እሷ ስትበላ አፏ ይጮኻል፣ ጣቷን እስከ አንጓዋ ትልሳለች፣ እያኘከች ታወራለች። ምንም አልሆንኩም። «እንዴ፣ ሳህኑን ልትበይው ነው?» አለችኝ።

ማሰሮዋ ውስጥ ቆብ አለ። ጨርሼዋለሁ። አረንጓዴው አልበቃ ብሎ ጫፉ በነጭ ነው፣ ከብርድ ልብሱ ጋር ይሄዳል። ለምዌንያ ልጅ ነው፤ ጆሮው እንዳይበርደው። ከማን ነው ብላ አትጠይቅዎትም። እርስዎም ምንም አይበሏት። ብቻ ሳያጥቡት ይስጧት፤ የኔ እጅ ምን እንደሚሸት እሷም ትወቀው።

ንካንዱ